ቅጠል ሥር ያገኘኋት ነገር አዲስ ዝርያ ትሆን?

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ነገር ላይ ያረፉ ናቸው። ተክል ላይ ስለሚኖሩ፣ ዓይን በደንብ ስለማይለያቸው ጥቃቅን ነፍሳት። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቼዋለሁ። እኔ ራሴ ቀኑን የማሳልፈው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ፣ ትሪፕስ የሚባሉትን ሳይ ነው። ስለእነሱ ከተጠየቅኩ መልሴ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በረንዳዬ ላይ ያለው አበባ ቅጠሉ እየነጣ ሲሄድብኝ ገልብጬ አየሁት። ከሥሩ ቢጫ፣ ከሰረዝ የማትበልጥ፣ ስትነካ ጭራዋን ቀና የምታደርግ ነገር አለች። ፎቶ አንስቼ ነፍሳት በሚለይ አፕ ፈለግኩ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስት የተለያየ ስም ሰጠኝ። ጓደኛዬ "አዲስ ዝርያ ይሆናል፣ ሄደሽ አስመዝግቢ" አለችኝ። እውነት ሊሆን ይችላል? የትስ ነው የሚመዘገበው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሊሆን ይችላል። ይህን የምልሽ ላስደስትሽ ብዬ አይደለም። እስካሁን ስም የወጣላቸው ነፍሳት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ዝርያዎች ናቸው። በምድር ላይ አሉ ተብሎ የሚገመተው ግን 5.5 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ስም ያላቸው ስም ከሌላቸው በብዙ ያንሳሉ ማለት ነው። ከቀሩት ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ እንዳንቺዋ ጥቃቅኖች ናቸው፤ ትልልቆቹንማ ሰው ቀድሞ አይቷቸዋል።

ግን እውነቱን ልንገርሽ። ለጌጥ በተተከለ አበባ ላይ የተገኘች ነፍሳት አዲስ የመሆን ዕድሏ ጠባብ ነው። የጌጥ አበባ ከአገር አገር ይጓዛል፣ ነፍሳቱም አብረውት ይሄዳሉ፤ ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ተክል ላይ የሚገኙት ብዙውን ጊዜ ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው። አዲስ ዝርያ ይበልጡን የሚገኘው ማንም ዞር ብሎ በማያየው የዱር ተክል ላይ፣ በረገፈ ቅጠል ክምር ውስጥ፣ ፈንገስ በወረሰው የሞተ ቅርንጫፍ ላይ ነው።

ከነገርሽኝ ተነስቼ ስገምት ያንቺዋ ትሪፕስ ትመስለኛለች። ጭራ ቀና ማድረግ የእነሱ ጸባይ ነው። የቅጠሉ መንጣትም ይመሰክራል። ትሪፕስ ቅጠሉን በስታ የሴሎቹን ፈሳሽ ትመጥጣለች፣ ባዶ በቀረው ቦታ አየር ይገባበታል፣ ቅጠሉም ብርማ ሆኖ ይታያል። ከጎኑ ጥቁር ነጠብጣብ ካየሽ ኩሷ ነው። ሙሉ አካል ስትሆን ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው ርዝመቷ። ክንፎቿ ቀጭን ዘንግ ናቸው፣ ዳርና ዳር ረጃጅም ፀጉር የተሰካባቸው፣ ልክ እንደ ላባ። እግሯ ጫፍ ላይ ደግሞ የሚነፋና የሚኮማተር ፊኛ የመሰለ ነገር አላት፣ ልሙጥ ቅጠል ላይ የምትቆመው በሱ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አፏ ነው። የግራ መንጋጋዋ ብቻ ነው ያደገው። የቀኙ የለም። ከ6,000 በላይ የታወቁ የትሪፕስ ዝርያዎች አሉ፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ክንፍ አላት? ከሌላትና ጠቅላላዋ ቢጫ ከሆነች ገና ያላደገች ልጅ ልትሆን ትችላለች። ልጆቹን ለይቶ ስም መስጠት እጅግ ከባድ ነው፣ ያደጉትን ፈልጊ።

አፑ ላይ አትፍረጂበት። እሱ የሚያየው ቀለምና ቅርጽ ነው፣ ትሪፕስ ላይ ደግሞ ቀለም ያታልላል። ሰዎችንም አታሏል። ፍራንክሊኒየላ ኦክሲደንታሊስ የምትባል የአበባ ትሪፕስ አለች፣ በግሪንሃውስ አበባ የሚያለሙ ሰዎች ሁሉ የሚያውቋት ተባይ። መጀመሪያ የተገለጸችው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። ይህች ነፍሳት አንዷ ፈዛዛ ቢጫ፣ ሌላዋ ጥቁር ቡናማ ሆና ትገኛለች። ከዚያ በኋላ የመጡ ሊቃውንት የተለያየ ቀለም ባዩ ቁጥር አዲስ እየመሰላቸው ከ10 በላይ ስም አወጡላት። ዛሬ ያ ሁሉ ስም ተሰርዞ አንዱ፣ የመጀመሪያው፣ ብቻ ቀርቷል።

ወደ "የት ይመዘገባል" ልምጣ። ሄደሽ ፎርም የምትሞዪበት ቢሮ የለም። አንዲት ነፍሳት አዲስ ዝርያ ናት የሚባለው አንድ ሰው ከዚህ በፊት ከታወቁት ዘመዶቿ ሁሉ ጋር አስተያይቶ፣ በምን እንደምትለይ ጽፎ፣ ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ ነው። እስከዚያ ድረስ ስም የላትም። አንቺ ማየትሽ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፣ ትልቅ እርምጃም ነው፣ ግን መግለጫው ገና ይቀራል። በዓለም ላይ ስንት ሰው አይቷት አልፏል! ልዩነቱን የሚያመጣው ሌላ ሰው፣ ሌላ አገር ሆኖ፣ ጽሑፍሽን ይዞ "አዎ፣ እሷው ናት" ማለት መቻሉ ነው።

ስለዚህ ማድረግ የምትችዪው ይህን ነው። ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ትሪ ከቅርንጫፉ ሥር ያዢና ቅርንጫፉን መታ መታ አድርጊው። የሚረግፉትን በቀጭን ብሩሽ ጫፍ እያነሳሽ አልኮል ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ጨምሪ። ብሩሹን አልኮል አስነኪው፣ ያኔ ራሳቸው ይጣበቁልሻል። በፕላስተር አታንሻቸው፣ ሙጫው ፀጉራቸውን ይነቅለዋል። አንድ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። "አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም" ይባላል፣ አንድ ናሙና ያለውም እንደዚያው ነው። ከተሰበረች አበቃ። አሥር፣ ሃያ ሰብስቢ፣ ወንዱም ሴቷም እንዲገኙ።

ከዚያ ትንሽ ወረቀት ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የተክሉን ስም፣ ማን እንደሰበሰበው ጻፊና ወረቀቱን ብልቃጡ ውስጥ ክተቺው። በእርሳስ ጻፊ። በእስክሪብቶ ከሆነ አልኮሉ ያጥበዋል። የተክሉን ስም እንዳትረሺ አደራ። ተክሉን ካላወቅሽው አበባውንና ቅጠሉን ቆርጠሽ ወረቀት መሃል ተጭነሽ አድርቂው፣ የተክል ሰዎች ይለዩልሻል። ከዚያ በአቅራቢያሽ ያለ ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ክፍል ወይም የተፈጥሮ ሙዚየም ጠይቂ። ወደ ሌላ አገር እልካለሁ ካልሽ ግን ያለ ፈቃድ አይሞከርም። የናጎያ ፕሮቶኮል የሚባል፣ የአገሮችን የዘረመል ሀብት አጠቃቀም የሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፣ ብዙ አገሮችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። እንኳን ከአገር ማስወጣት፣ በአንዳንድ ቦታ መሰብሰቡም ፈቃድ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። "አዲስ ዝርያ ተገለጸ" ሲባል እሰማለሁ። መግለጽ ማለት ግን በተግባር ምንድን ነው? ቁጭ ብላችሁ ምን ታያላችሁ፣ ምንስ ትጽፋላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር።

መጀመሪያ ነፍሳቷ ለማይክሮስኮፕ መዘጋጀት አለባት። ትሪፕስን እንደ ጥንዚዛ በስፒል ወግተህ ሳጥን ውስጥ አትሰካትም፣ ስፒሉ ራሱ ከሷ ይወፍራል። ሆዷ ሥር በጣም ቀጭን በሆነ መርፌ ትበሳለች። ከዚያ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ታድራለች። ውስጧ ያለው ሥጋና የበላችው ሁሉ ሟሙቶ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ብርጭቆ የጠራ ቆዳዋ ነው። ቀጥሎ ከቀጭኑ ወደ ጠንካራው እያደረግን አልኮል ውስጥ እናሳልፋታለን፣ ውሃዋ እንዲወጣ። ከዚያ የቅርንፉድ ዘይት። በመጨረሻ ስላይድ ላይ ካናዳ ባልሳም በሚባል የዛፍ ሙጫ ጠብታ ውስጥ ትተኛለች። ሙጫው ሳይጠነክር ክንፎቿን በመርፌ ጫፍ ትዘረጋለህ፣ እግሮቿን ትከፍታለህ፣ አንቴናዎቿን ወደፊት ታቀናለህ። እጅ መንቀጥቀጥ የለበትም። ትንፋሽህንም ትይዛለህ። ስላይዱ ለስለስ ባለ ሙቀት ለሳምንታት ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ በደንብ ከተያዘ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል።

ከዚያ መቁጠር ይጀመራል። የምንቆጥረው ፀጉር ነው፣ ሥራው ይኸው ነው። አንቴናዋ 7 አንጓ ነው ወይስ 8? ጭንቅላቷ አናት ላይ ሦስት ትንንሽ ዓይኖች በሦስት ማዕዘን ተቀምጠዋል፤ እነሱ አጠገብ ያሉት ጥንድ ፀጉሮች ከሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ናቸው ወይስ ውጪ? የፊት ክንፏ ላይ ያለው የፀጉር መስመር ያለማቋረጥ እስከ ጫፍ ይሄዳል ወይስ መሃል ላይ ባዶ ቦታ አለው? 8ኛው የሆዷ አንጓ ጠርዝ ላይ ማበጠሪያ የመሰለ ረድፍ አለ፤ ሙሉ ነው ወይስ መሃሉ የጎደለ? ለምሳሌ ትሪፕስ ታባሲና ትሪፕስ ፓልሚ የሚባሉት ሁለቱ የታወቁ ተባዮች በዓይን ሲታዩ ቢጫ ሰረዝ ናቸው፣ ሁለቱም አንቴናቸው 7 አንጓ ነው። ግን የታባሲ ሦስቱ ትንንሽ ዓይኖች ግራጫ ናቸው፣ የፓልሚ ደግሞ ቀይ። ይህችን ትንሽ ነገር የማያውቅ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል።

ሥራውን እንደጀመርኩ የገጠመኝን ልንገርህ። አንዲት ትሪፕስ አገኘሁ፣ አንገቷ ላይ በስተግራ መኖር የነበረበት ረጅም ፀጉር የላትም። በስተቀኝ አለ። ሁለተኛዋን አየሁ፣ እሷም የላትም። ልቤ መምታት ጀመረ። አስተማሪዬን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አየና "ፀጉሩን ተወው፣ ቀዳዳውን እይ" አለኝ። አጉልቼ ሳየው የመርፌ ቀዳዳ የመሰለች ክብ ነገር አለች፣ ፀጉሩ የበቀለባት። ፀጉሩ ነበረ፣ ሳዘጋጃት ተሰብሮ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "የለም" ብዬ ከመጻፌ በፊት ቀዳዳውን እፈልጋለሁ። አንተም እንደዚያ አድርግ።

ቆጥረህ ከጨረስክ በኋላ ትልቁ ሥራ ይመጣል፣ ማስተያየት። የዚያ ወገን አባላት ሁሉ፣ ሳይንሱ ጂነስ የሚለው ማለት ነው፣ ከዚህ በፊት የታተሙ መግለጫዎቻቸው ይሰበሰባሉ። አንዳንዱ በጀርመንኛ ነው፣ አንዳንዱ በፈረንሳይኛ፣ አንዳንዱ ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ "ቢጫ፣ ክንፏ ፈዛዛ" ብሎ የሚያልቅ። እንዲህ ዓይነቱን ስታገኝ ጽሑፉ አይበቃህም። የዋናውን ናሙና ስላይድ ሙዚየም ድረስ ሄደህ ማየት ወይም አስፈቅደህ መዋስ አለብህ። ብዙው ጊዜ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ብዙ "አዲስ ዝርያ" የሚሞተውም እዚሁ ነው፤ አንድ አሮጌ ስላይድ ታያለህ፣ ያንተዋ ናት።

ይህን ሁሉ አልፋ ከቆመች መጻፍ ትጀምራለህ። ከናሙናዎቹ መካከል አንዷን ብቻ ትመርጣለህ፣ ሆሎታይፕ ትባላለች። ስሙ ለዘላለም የተሳሰረው ከሷ ጋር ነው። ወደፊት ሰዎች ቢከራከሩ "ይህ ስም የማን ነው?" የሚለው የሚፈታው እሷን በማየት ነው። አብረዋት ያሉት ፓራታይፕ ይባላሉ። ከዚያ ቀለም፣ ቅርጽ፣ ፀጉር በፀጉር። ልኬቱ በማይክሮሜትር ነው፣ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ። ወንዱ ካለ የወንዱ መግለጫ። የተገኘችበት ቦታ፣ ቀን፣ ተክል። ስሟ ለምን እንዲያ እንደተባለ።

የጽሑፉ ልብ ግን አንድ አንቀጽ ነው፣ ዳያግኖሲስ የሚባለው። "ይህች ዝርያ ከእገሊት ጋር ትመሳሰላለች፤ ነገር ግን የእሷ ጥንድ ፀጉር ከሦስት ማዕዘኑ ውጪ ሲሆን የዚህች ውስጥ ነው፣ የእሷ ማበጠሪያ ሙሉ ሲሆን የዚህች መሃሉ ጎደሎ ነው" የሚል። ሦስት ወይ አራት ዓረፍተ ነገር። ሌላው ገጽ ሁሉ ቢጠፋና ይህች ብትቀር ዝርያዋን መለየት ይቻላል። ተማሪዎች አምስት ገጽ ገለጻ ጽፈው ይህን አንቀጽ ሲያድበሰብሱት በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

ሕግም አለው፣ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ስያሜ ደንብ የሚባል። የስም ቆጠራው የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከ1758 ነው፣ ከስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ከሊኒየስ። ቀድሞ የታተመ ስም ያሸንፋል። ከ1999 በኋላ ለሚወጣ ዝርያ ሆሎታይፑ የትኛዋ እንደሆነችና የት ስብስብ ውስጥ እንደምትቀመጥ በግልጽ መጻፍ ግድ ነው፣ ያለዚያ ስሙ አይጸናም። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣ ጽሑፍም ይቆጠራል፣ ዙባንክ በሚባል መዝገብ ላይ ከሰፈረ።

ጥያቄ፦ በዚህ ዘመን ነፍሳትን ገድሎ ማስቀመጥ ለምን ያስፈልጋል? ጥሩ ፎቶ አይበቃም? ካልሆነም የዘረመል ምርመራ አለ።

መልስ፦ ጥያቄው ከርኅራኄ የመጣ ነው፣ አከብረዋለሁ። እኔም የምሰበስበው የሚያስፈልገኝን ያህል ብቻ ነው።

ፎቶ ያያችሁትን ያሳያል፣ ማየት ያልቻላችሁትን አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነች አንዲት አረንጓዴ ክንፋም ነፍሳት አለች፣ ሴማክሪሳ ጄድ ትባላለች። ማሌዥያ ውስጥ አንድ ፎቶ አንሺ ጫካ ሄዶ አንስቷት ፍሊከር በሚባል የፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ለጠፋት። አንድ የነፍሳት ባለሙያ በአጋጣሚ አያትና እንደማያውቃት ገባው። ግን በፎቶው ብቻ ስም አልሰጣትም። ፎቶ አንሺው እንደገና ሄዶ አንዷን እስኪያገኝ ተጠበቀ። ፎቶው በር ከፈተ፣ መግለጫው የተጻፈው ከናሙናው ነው። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ሁለቱም ሰዎች ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። በ2015 ደግሞ በተቃራኒው፣ አንድ ዝንብ በፎቶ ብቻ ያለ ናሙና ተገልጾ ወጣ። ክርክሩ እስካሁን አልበረደም፤ ወደ 500 የሚጠጉ ባለሙያዎች ተቃውመው ፈርመዋል። እኔም ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነኝ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት አንድ ሰው ዛሬ ማንም ያላሰበውን ነገር ማየት ቢፈልግ ፎቶ መልስ አይሰጠውም፣ ስላይድ ይሰጠዋል።

ዘረመል በጣም ይረዳል። ሲኦዋን ከሚባለው ጂን ወደ 658 የሚሆኑ ፊደላት ይነበባሉ፣ እንደ ባርኮድ ማለት ነው። ነጭ ዝንብ የምንላት ቤሚዚያ ታባሲ ለብዙ ዘመን አንድ ዝርያ ተብላ ስትቆጠር ቆይታ፣ ዘረመሏ ሲታይ በዓይን የማይለዩ ከ30 በላይ ዝርያዎች ሆና ተገኘች። ይህን ማይክሮስኮፕ ብቻውን አያወጣውም ነበር። ግን የዱሮዎቹ ሆሎታይፖች ባልሳም ውስጥ የተኙ ናቸው፣ አብዛኞቹ ዘረመላቸው አልተነበበም። ከነሱ ጋር ለማስተያየት የግድ አካል ያስፈልጋል። ደስ የሚለው፣ አሁን ቆዳዋን ሳናበላሽ ዘረመሉን አውጥተን ያችኑ ነፍሳት ስላይድ ላይ ማስተኛት እንችላለን። ስለዚህ ሁለቱን ማፋጀት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ሳልዋሽ ልጠይቅ፣ የአንዲት ሰረዝ የምታክል ነፍሳት ፀጉር መቁጠር ለሰው ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ የካሳቫን ታሪክ ልንገራችሁ፣ ከዚያ ፍረዱ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኮንጎ አካባቢ አንድ ነጭ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ትንሽ ነፍሳት ካሳቫ ላይ ታየ። ሚሊባግ ይባላል። ካሳቫ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚኖርበት ተክል ነው። ነፍሳቱ ከማሳ ማሳ፣ ከአገር አገር እየተዛመተ ጫፉን እያኮማተረ ምርቱን አጠፋው። በ1977 ተገልጾ ፌናኮከስ ማኒሆቲ የሚል ስም ወጣለት፤ ለሳይንስ አዲስ ነበረ።

ካሳቫ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ስለዚህ የነፍሳቱም የተፈጥሮ ጠላት እዚያ ይገኛል ተባለና ፍለጋ ተጀመረ። በሰሜናዊው ደቡብ አሜሪካ ካሳቫ ላይ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሚሊባግ ተገኘ። እሰየው ተባለ። በላዩ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ተርቦች ተሰብስበው ቢሞከሩ ግን የአፍሪካውን ዞር ብለው አላዩትም።

ለምን? ሌላ ዝርያ ነበራ! በጥንቃቄ ሲታይ ያኛው ወንድና ሴት አለው፤ አፍሪካን የወረረው ግን ሴት ብቻ ነው፣ ያለ ወንድ ይራባል። ያ ሁለተኛው በ1981 ፌናኮከስ ሄሬኒ ተብሎ ለብቻው ተገለጸ። በዚያው ዓመት ትክክለኛው፣ ማኒሆቲ፣ ፓራጓይ ውስጥ ተገኘ፤ ከሱም ጋር አናጊረስ ሎፔዚ የተባለች ደቃቃ ተርብ። ተርቧ እንቁላሏን ሚሊባጉ ውስጥ ትጥላለች፣ ልጇ ከውስጥ ትበላዋለች። በ1981 መጨረሻ ናይጄሪያ ውስጥ ተለቀቀች፣ ከዚያም ካሳቫ በሚበቅልባቸው ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተሰራጨች። ሚሊባጉ ረገበ። ዘመቻውን የመሩት ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸለሙ።

እኔን የሚያንገበግበኝ መሃል ላይ የባከነው ጊዜ ነው። ሁለቱን የሚለየው መግለጫ ቀድሞ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ፈላጊዎቹ ገና ከመነሻው ወደ ትክክለኛው ቦታ ይሄዱ ነበር። ስም ከሌለው ነገር ጋር መዋጋት አይቻልም፣ የትኛውን እንደምትፈልግ አታውቅማ።

ጥያቄ፦ አዲስ ዝርያ ባገኝ በእናቴ ስም ልሰይማት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፣ እንዴታ! ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፣ እዚህ ግን የሚያወጣው መግለጫውን የጻፈው ሰው ነው። አንተ ሰብስበህ ሌላ ሰው ከገለጻት ጠይቀው፤ አብዛኞቻችን ደስ ብሎን እንሰማለን። ስሙ በላቲን ፊደል መጻፍ አለበት። በሴት ስም ሲሆን መጨረሻው ላይ "ኤ" ተብለው የሚነበቡ ሁለት ፊደሎች ይጨመራሉ፣ በወንድ ሲሆን "ኢ"። በራስ ስም መሰየም በደንቡ አልተከለከለም፣ በሙያው ግን ነውር ነው። አንድ ምክር ግን አለኝ። መግለጫው ላይ እናትህ ማን እንደሆነች፣ ለምን እንደመረጥካት በአንድ መስመር አስጽፍ። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ያቺን መስመር ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው እኔ አውቃለሁ፣ ሌሎች የጻፏቸውን አንብቤአለሁና።

ጥያቄ፦ አባቴ በሕይወት ሳሉ ነፍሳት ይሰበስቡ ነበር። ሁለት ሳጥን ሙሉ ትንንሽ ብልቃጥ ትተውልኛል። ግማሹ አልኮሉ አልቋል ማለት ይቻላል። የአንዳንዱ ወረቀት አይነበብም። ልጣለው ወይስ ይጠቅማል?

መልስ፦ እባክዎ አይጣሉት! አባትዎን ነፍስ ይማር።

ነፍሳትም ይሁን ሌላ፣ አንድ ናሙና ከተሰበሰበ ጀምሮ አዲስ ዝርያ መሆኑ ታውቆ እስኪገለጽ በአማካይ 21 ዓመት እንደሚፈጅ በ2012 የወጣ ጥናት አሳይቷል። አዲሶቹ ብዙውን ጊዜ የሚገኙት እንዲህ ባሉ ሳጥኖች ውስጥ ነው። በዘፋኟ ሌዲ ጋጋ ስም ካይካያ ጋጋ የተባለችው፣ የተክል ፈሳሽ እየመጠጠች የምትኖር ቀንዳም ነፍሳት በ2020 ስትገለጽ ናሙናዋ ኒካራጓ ተሰብስቦ ሙዚየም ከገባ 30 ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው። ሰብሳቢው በጊዜው ምን እንደያዘ አላወቀም። ያዘ፣ ወረቀቱን ጻፈ፣ አስቀመጠ።

ዛሬውኑ እንዲህ ያድርጉ። አልኮሉ የጎደለበትን ብልቃጥ ሁሉ ይሙሉት፣ 70 በመቶ የሆነ አልኮል ይበቃል። ሙሉ በሙሉ የደረቀውን ግን አይንኩት፣ ባለሙያ ያለስልሰዋል፤ በችኮላ ከተነካ ይሰባበራል። ብልቃጦቹን ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው አያዘዋውሩ፣ አባትዎ በቦታ ወይም በቀን ደርድረዋቸው ሊሆን ይችላል። ማስታወሻ ደብተር ካላቸው ፈልገው አብረው ያስቀምጡት፤ ወረቀቱ ላይ ያለች አንዲት ቁጥር ደብተሩ ውስጥ ሙሉ ገጽ ልትሆን ትችላለች። የማይነበቡትን ወረቀቶች አውጥተው አይጣሉ። አዲስ ጽፈው ከጎኑ ይክተቱት፣ በእርሳስ። አሮጌው እዚያው ከነፍሳቷ ጋር ይቆይ፣ ዛሬ ለዓይን ያልታየው ጽሑፍ ነገ በሌላ ብርሃን ሊነበብ ይችላል።